በካሬ ሜትር ስንት? የሃሪያና የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ። ከዴልሂ ካሽሚሪ ጌት መናኸሪያ የተነሣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነሐሴ እዚህም የዝናብ ወቅት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል፤ ደመናው ግን አልተገፈፈም፣ ወበቁም በመስኮት በሚገባው ነፋስ አይበርድም። እስከ ሮታክ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሃሪያና መንግሥት አውቶቡስ ቲኬት መቶ ሩፒ አልሞላም። አብሮኝ የሚጓዘው ሂሳር ከተማ ውስጥ የዓሣ እርባታ የሚያጠና የአገሬ ልጅ ነው፤ ጋሼ እያለ ይጠራኛል፣ ሂንዲውንም ከገበያና ከገበሬ ለቃቅሞ ተምሮታል። ፍልሰታ ገብቷልና ከመናኸሪያው በር ላይ ድንች የተሞላ ትኩስ ሳምቡሳ በልተን ወጣን። ወተት የሌለው ሻይ ማግኘት ግን አቀበት ሆነብን፤ ሻይ ሻጩ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ከጠየቀን በኋላ ነው የቀዳልን።

የመጣሁት ሽሪምፕ ሲረባ ለማየት ነው። የሕንዷ ክልል ሃሪያና ከየትኛውም ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች የስንዴ፣ የሩዝና የጥጥ አገር ናት፤ እዚህ የሚረባው ሽሪምፕ ደግሞ የጨው ውሃ እንስሳ ነው። ነገሩ የሚገባው ከባሃዱርጋር ፋብሪካዎች አልፎ ሜዳው ሲጀምር ነው። የሩዙ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያ ጥቂት ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለበት ነጭ መሬት ይመጣል፣ እንደገና ሩዝ፣ እንደገና ነጭ። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቦይ የመጣው የመስኖ ውሃ የሚወጣበት ስላልተበጀለት ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው። ያ ውሃ ጨዋማ ነው። ወደ ላይ እየተሳበ ፀሐይ ሲያተነው ጨዉ መሬቱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ መሬት ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራና መልካ ወረር አካባቢ፣ ጥጥ ይበቅልበት የነበረው ማሳ እንዲሁ ነጥቶ አይቻለሁ። ልዩነቱ እዚህ አንዳንዱ ገበሬ ያንን ጨዋማ ውሃ በጉድጓድ አውጥቶ ኩሬ መሙላቱ ነው።

ከሮታክ ወደ ቢዋኒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጋራ ባጃጅ ተጣበን፣ ላህሊ የምትባል መንደር ደረስን። በዚህ በኩል የሕንድ ማዕከላዊ የዓሣ ሀብት ትምህርት ተቋም የምርምር ጣቢያ አለ። ኩሬዎቹ አራት ማዕዘን ናቸው፣ ከላያቸው ወፍ እንዳይገባ ክር ተወጥሯል፣ በዙሪያቸውም ሸርጣን የሚከለክል ዝቅ ያለ የፕላስቲክ አጥር ቆሟል። ወደ ግድቡ ከመውጣታችን በፊት ጫማችንን መድኃኒት በገባበት ውሃ ውስጥ ነከርን። የሚረባው ዝርያ ቫናሜ ይባላል፤ አገሩ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ያለው የፓስፊክ ዳርቻ ነው፣ ሕንድ እርባታውን የፈቀደችው በፈረንጆቹ 2009 ነው።

አንድ ተመራማሪ ስለ ውሃው ብዙ አጫወተን፤ የዕለቱ ትልቁ ትምህርቴም ይኸው ሆነ። ጨዋማ ውሃ ሁሉ የባሕር ውሃ አይደለም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው፣ በዚያም ውስጥ 380 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሺየም አለ። የባሕር ውሃ ቀጥኖ ጨዉ 10 ግራም ቢሆን፣ ፖታሺየሙ ወደ 110 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ከዚህ ምድር የሚወጣው ውሃ ግን ጨዉ ልክ ያው 10 ግራም ሆኖ ሳለ ፖታሺየሙ ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሆናል። ሽሪምፑ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ጨው የሚያመዛዝነው በሶዲየምና በፖታሺየም ነውና አንዱ ሲጎድል ይደክማል፣ ጅራቱ ነጥቶ ይኮማተራል፣ ቅርፊቱን ሊቀይር ሲል ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው ለማዳበሪያ የተሠራ የፖታሽ ጨው በኬሻ እየገዛ ኩሬው ውስጥ ይበትናል፣ ማግኒዢየምም ይጨምራል። የኩሬው ጭቃ ፖታሺየሙን ስለሚመጠው አንዴ በትኖ መገላገል የለም።

«ታዲያ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት። ተመራማሪው ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ስንት አየር ማስገቢያ እንዳለ፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ የውሃው ፖታሺየም ስንት እንደሆነ መልሶ ጠየቀኝ። የሕንድ የባሕር ዳርቻ እርባታ ባለሥልጣን ለቫናሜ ያስቀመጠው ጣሪያ በካሬ ሜትር 60 ነው። ተመራማሪው ግን ይህ ቁጥር ጣሪያ እንጂ ግብ መሆን እንደሌለበት ሁለት ጊዜ ነገረን።

ማክሰኞ። ሮታክ አድረን ወደ ሂሳር፣ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ሃንሲ ላይ መንገዱ ውሃ ይዞ ረጅም ሰዓት ቆምን። ማታ በልጁ ክፍል ምስር በሰናፍጭ ዘይት ሠርተን በሮቲ ቂጣ በላን።

ረቡዕ። ከሂሳር በፋቴሃባድ በኩል ወደ ሲርሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። እዚህ አገሩ ወደ ደረቅነት ያደላል፤ ጥጡ አብቧል፣ በየመካከሉ የብርቱካን ዘር አትክልት ይታያል። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚቀበሉን ጥምጥም ያሰሩ፣ ጢማቸው የሸበተ የሲክ ገበሬ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሰርዳር ጂ ይላቸዋል፣ ልጁም አንክል ጂ እያለ ነው የሚያነጋግራቸው። ባለቤታቸው ወዲያው በትልልቅ የብረት ብርጭቆ ላሲ የሚባለውን የእርጎ መጠጥ ይዘው መጡ። ጾም ላይ መሆናችንን፣ ወተትና ቅቤም ከጾሙ ውስጥ እንደሚገባ ልጁ ሲያስረዳ ቤቱ ሁሉ ተገረመ። እሳቸው በበኩላቸው ሥጋም ዓሣም አይቀምሱም፤ የሚያረቡትን ሽሪምፕ በአፋቸው አድርሰውት አያውቁም። ወዲያው ሴትዮዋ ላሲውን መልሰው በሎሚ የተመታ ውሃ አመጡልን።

ኩሬዎቹ ከቤቱ ጀርባ ናቸው። ሰርዳር ጂ እዚህ ጥጥና ስንዴ ዘርተው ምርቱ በየዓመቱ ሲመነምን ያዩ ሰው ናቸው። አሁን አንድ ኤከር ኩሬ ላይ፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ በካሬ ሜትር 35 ሂሳብ 140,000 የሽሪምፕ ጫጩት ጨምረዋል። ከግድቡ ማዶ ያለው እኩል ስፋት ያለው ኩሬ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ እሱ 60 ሂሳብ 240,000 ጨምሯል። ጫጩቶቹ ከደቡብ፣ ከባሕር ዳር መፈልፈያ፣ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ታሽገው በአውሮፕላን ዴልሂ ከዚያም በመኪና የመጡ ናቸው። ሁለቱም በሰኔ መጀመሪያ በአንድ ቀን፣ ከአንድ መፈልፈያ፣ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ነው የጀመሩት። ሊያሳዩኝ የሚችሉት ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም።

የወንድምየው ልጅ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ መሬቱ የኪራይ ነው፣ ለጉድጓዱና ለማሽኑ ብድር አለበት። ብርዱ ሲብስ፣ ከጥቅምት በኋላ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ቫናሜ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ የሚወድ እንስሳ ስለሆነ እሱ በዓመት የሚያገኘው አንድ ዙር ብቻ ነው። ኪራዩንም ብድሩንም ያ አንድ ዙር ነው የሚከፍለው። ይህን ሲነግረኝ የ60ው ቁጥር ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሰው ሞኝ ሆኖ ወይም ተስገብግቦ አይደለም እንዲህ የሚያጨናንቀው፤ የኪራዩ ዋጋ ነው በካሬ ሜትር የሚገባውን የወሰነለት።

ከሰዓት በኋላ የመኖ መፈተሻውን ትሪ ሲያወጡ አየን። ትሪው ጠርዝ ያለው መረብ ነው፤ መኖ አድርገው ኩሬው ውስጥ ያወርዱታል፣ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ስበው ምን እንደቀረ ያያሉ። ከሰርዳር ጂ ኩሬ የወጡት ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ ገላ አላቸው፤ ከራስ እስከ ጅራት የሚሄደው አንጀታቸው በጥቁር ቡናማ መኖ ሙሉ ነው፣ ረጃጅም አንቴናቸው አልተሰበረም፣ በእጅ ሲያዟቸው ይወናጨፋሉ። ሚዛን ላይ 15 ግራም ገደማ አንድ በአንድ። ከማዶው ኩሬ የወጡት አማካያቸው 12 ግራም ነው፣ ነገር ግን እኩል አይደሉም፤ ባለ 7 ግራም አጠገብ ባለ 16 ግራም አለ። የብዙዎቹ አንቴና አጥሯል። አንዳንዱ ጅራቱ ጫፍ ላይ ቀላ ብሏል፣ ጥቂቶቹ ከውሃ እንደወጡ ወገባቸው ተኮማትሮ ነጣ። ትሪው ላይ መኖ ተርፏል።

የኩሬው ሠራተኛ ከአንድራ ፕራዴሽ የመጣ ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ከዚያ ባሕር ዳር ስለሆኑ ባለ ኩሬዎቹ እነሱን ይቀጥራሉ። ቴሉጉ ይናገራል፣ ሂንዲው ከእኛ ልጅ ሂንዲ ብዙ አይሻልም፣ ስለዚህ አብዛኛውን በእጁ እያሳየ ነው ያስረዳን። ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው፤ በዚህ ዕድሜው በየአሥር አሥራ አምስት ቀኑ ይጥላል፣ ባለ ኩሬዎቹ ደግሞ በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ ስትጠፋ ብዙው አብሮ ይጥላል ብለው ይጠብቁታል። ቅርፊቱን የጣለ ሽሪምፕ ለጥቂት ሰዓታት ገላው እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፣ መሸሽም መከላከልም አይችልም። ቦታ ካለው ጥግ ይይዛል። ከተጨናነቀ ጎረቤቱ ይበላዋል። የበላው ደግሞ የተበላውን በሽታ ይወርሳል። ሠራተኛው ሁለት እጁን አቀራርቦ፣ ከዚያ አራርቆ አሳየን፤ ይህን ለመረዳት ቋንቋ አላስፈለገንም። አዲሱ ቅርፊት እንዲጠነክር ካልሲየምና ማግኒዢየም ከውሃው ይሳባል፣ ስለዚህ ብዙ ሲሆኑ በአንድ ሌሊት ከውሃው የሚወስዱት ማዕድንም ብዙ ነው። በባሕር ውሃ ይህ አይታወቅም፤ እዚህ ግን ማዕድኑ በኬሻ የተገዛ ነው።

በሽታውን ሁሉም የሚጠራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የነጭ ነጠብጣብ ቫይረስ ከገባ አንድ ኩሬ በሦስት ቀን፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ያልቃል። ሌላው ኢ ኤች ፒ የሚሉት ጥቃቅን ተውሳክ አይገድልም፣ የሽሪምፑን ጉበት መሰል አካል ይዞ እድገቱን ያስቆማል፤ መኖው ይገባል፣ ክብደቱ አይጨምርም። የሚተላለፈው በኩስና እርስ በርስ በመበላላት ነውና መጨናነቅ መንገዱን ያሳጥርለታል። በወንድምየው ልጅ ኩሬ አንድ ጥግ ላይ ነፋስ የገፋቸው ነጫጭ የኩስ ክሮች ተንሳፍፈው አየን። ናሙና ሲርሳ ወዳለ ላቦራቶሪ ልኳል። ኢ ኤች ፒ ይሁን የአንጀት ባክቴሪያ፣ ሠራተኛው አንድ ይላል፣ መድኃኒት ሻጩ ሌላ፣ ሰርዳር ጂ ሌላ። ውሃው አንድ፣ ጫጩቱ አንድ ሆኖ ሳለ በማዶው ብቻ ለምን እንደታየ የሁሉንም ማብራሪያ ብሰማም አልገባኝም።

ሐሙስ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀሱን። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር፣ ደመና ማለት ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ዋቅላሚ ፀሐይ አጥቶ በቂ ኦክስጅን አልሠራም ማለት ነው። ሌሊት ዋቅላሚውም፣ ሽሪምፑም፣ ከታች የሚበሰብሰው መኖና ኩስም አንዱን ኦክስጅን ይሻሙበታል፤ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚደኸየው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። በዚያ ላይ መብራት ለአንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። ውሃውን የሚመቱት ቀዛፊ ጎማዎች ቆመው በጨለማው ውስጥ የሚሰማው እንቁራሪት ብቻ ነበር፤ ጀነሬተሩ እስኪነሣ የወንድምየው ልጅ በግድቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

መለኪያውን በሰርዳር ጂ ኩሬ ሲነክሩት በሊትር 4.6 ሚሊ ግራም አለ። በማዶው 2.9። ባትሪ ስናበራ በዳሩ ላይ የሽሪምፖቹ ዓይን ብርቱካንማ ሆኖ ያበራ ነበር፤ ከታች መቀመጥ የሚገባቸው ወደ ላይ፣ ወደ ዳር መጥተዋል። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ጎማዎቹ ሲዞሩ አብዛኛው ወደ ጎማው ተሰበሰበ። ጎህ ሲቀድ ሠራተኛው በመረብ የሞቱትን ለቀመ። ብዙ አልነበሩም፤ ግን አብዛኞቹ ቅርፊታቸው ለስላሳ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ ከወንድምየው ልጅ ጋር ሂሳብ ያዘ። ከ240,000ው በሕይወት ያለው 200,000 ገደማ ቢሆን፣ አሁን በ12 ግራም 2,400 ኪሎ ነው። ለአንድ የፈረስ ጉልበት አየር ማስገቢያ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይታሰባል፤ ያለው 6 የፈረስ ጉልበት ነውና ዛሬ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ይበቃዋል። 20 ግራም ሲደርሱ ግን 4,000 ኪሎ ይሆናሉ፣ ያኔ ቢያንስ 8 ያስፈልጋል። መኖውም አብሮ ያድጋል። ከሚገባው መኖ ናይትሮጅን አብዛኛው ሥጋ ሳይሆን ኩስና ትርፍ መኖ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ አሞኒያ ከዚያም ናይትራይት ይሆናል፤ ናይትራይት ደግሞ ጨዉ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ ከባሕር ይልቅ መርዝነቱ ይበረታል። የሰርዳር ጂን ሂሳብ አጠገቡ ጻፈው፦ 125,000 ቢተርፉና 25 ግራም ቢደርሱ 3,100 ኪሎ፣ ባነሰ መኖና በተሻለ የኪሎ ዋጋ። ይህ በወረቀት የተሠራ ግምት ነው፣ ኩሬው የራሱን መልስ ይሰጣል። ወጣቱ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

አርብ። ወጣቱ ከፊሉን አሁኑኑ አውጥቶ ለመሸጥ ወሰነ። ኩሬ ሲከብድ የሚደረግ ነገር ነው፤ ትንሹ ሽሪምፕ በኪሎ የሚያወጣው ያነሰ ቢሆንም የቀረው ይተነፍሳል። ነጋዴው በረዶ የጫነ መኪና ይዞ አመሻሽ ላይ መጣ፣ መረብ ወርዋሪዎቹ ግድቡ ላይ ተሰለፉ። መረቡ በአየር ላይ ክብ ሆኖ ይዘረጋና ውሃው ላይ ያርፋል፣ ሲጎተት ውስጡ ይንጫጫል። ነጋዴው በየመሐሉ አንድ ኪሎ እያስመዘነ ይቆጥራል፦ 83፣ 85፣ 81። ዋጋው የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። ወደ 700 ኪሎ ሲወጣ፣ 58,000 ያህል ነፍስ ከኩሬው ተነሣ፤ በልጁ ሂሳብ በካሬ ሜትር የቀረው 35 ገደማ ነው፣ ሰርዳር ጂ ከመጀመሪያው የጨመሩት ቁጥር። እሳቸው ይህን አላነሡም። ለወንድማቸው ልጅ በረዶ ሲያቀብሉ አመሹ።

የአንድራው ወጣት ከወጣው ጥቂቱን በበርበሬና በተምር ሂንዲ ጠብሶ በሩዝ በላ። ከአስተናጋጆቻችንም ከእኛም ወገን የሚቀምስ አልነበረም፤ ሽታው ግን ያስጎመጃል።

ቅዳሜ። ከመሄዳችን በፊት ከታችኛው ማሳ አንድ አዛውንት መጡ። የጥጥ ማሳቸው ከኩሬው ጋር ይዋሰናል፤ በዳሩ ያለው ሁለት መስመር ጥጥ ቀጭጯል፣ ቅጠሉም ጫፉ ተቃጥሏል። ከኩሬው የሚሰርገው ጨው ነው ይላሉ። ሰርዳር ጂ አልተከራከሩም፤ በኩሬውና በማሳው መካከል ቦይ ለማስቆፈር፣ የኩሬውንም ወለል በፕላስቲክ ለማልበስ እንዳሰቡ ነገሯቸው። የጨው መሬትን ያዳነ ሥራ የጎረቤትን ደህና መሬት ጨው ካደረገው ከንቱ ነው። ይህ ነገር ካየሁት ሁሉ ይበልጥ አሳሰበኝ፤ ስለ ኩሬው የሚያወሩት ሁሉ ስለ ሽሪምፑ እንጂ ስለ ውሃው መውጫ ሲናገሩ ብዙም አልሰማሁም።

ወደ ሂሳር በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ልጁ ማስታወሻው ላይ «አሚባራ» ብሎ ርዕስ ጻፈ። ከሥሩ የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨዉ ስንት፣ ፖታሺየሙ ስንት፣ ማግኒዢየሙ ስንት፣ መብራት በሌሊት ስንት ሰዓት ይጠፋል ብሎ አሰፈረ፤ የሚጨመረውን የጫጩት ቁጥር ከሁሉም በታች ባዶ ተወው። ቀጥሎ ኩሬው ሲጠረግ የሚወጣው ውሃ ወዴት ይፈሳል የሚለው ላይ ቆመ። አዋሽ ውስጥ መልቀቅ አይቻልም አልኩት፤ ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። እሱም ይህን የመጀመሪያው መስመር አድርጎ ከላይ ጻፈው።